የደጋን ምንጭና ድንጋይ የሆነው ጋዝ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ያገኘኝ ሁሉ “እንግዲህ አረፍሽ” ይለኝ ነበር። ምን አርፋለሁ። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ያለው የአባቴ ቤት በር ላይ ድንጋይ በፌስታል ቋጥሮ የሚቆም ሰው አሁንም አልጠፋም። አንዱ ወርቅ ነው ይለኛል። ሌላው ቀይ ሜርኩሪ አገኘሁ ብሎ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እንዲህ የሚባል ነገር የለም ብዬ ብነግረው የደበቅኩት ይመስለዋል። ብዙዎቹ ግን የሚያመጡልኝ “ከሰማይ የወደቀ” ድንጋይ ነው። አገላብጬ አየዋለሁ። ጥቁር ነው፣ ይከብዳል፣ ሰውነቱ በሙሉ የአየር ቀዳዳ ነው። ከሰማይ የመጣ ድንጋይ እንዲህ ወንፊት አይመስልም። “ይኼ ከብረት ማቅለጫ የተደፋ ዝቃጭ ነው” እላለሁ።

“እስቲ ደግመሽ እዪው፣ እትዬ ሰዓዳ።”

“አየሁት።”

“ሲወድቅ ጎረቤቴ አይቷል እኮ።”

“ጎረቤትህ ያየው ሌላ ነገር ይሆናል።”

“እንግዲያው አዲስ አበባ ወስጄ አስመረምረዋለሁ” ብሎ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ይሄዳል። አዲስ አበባ የሚመረምሩለት ደግሞ እኔ ያሠለጠንኳቸው ልጆች ናቸው።

ሥራዬ ድንጋይ ከምን እንደተሠራና እንዴት እንደተሠራ መመርመር ነበር። ጂኦኬሚስትሪ ይባላል። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ አያቱ ከየመን መጥተው ደሴ የቀሩ ሰው ናቸው፤ በቤታችን ከንግድ ሌላ ሥራ የሠራ የለም። ዩኒቨርሲቲ ድንጋይ ልማር እንደሆነ ስነግረው ካነጠፈው አቡጀዴ ላይ ቀና ብሎ፣ “ጨርቅ ቢሆን ሰው ይለብሰዋል። ድንጋዩን ማን ይወስድልሻል?” አለኝ። እስኪሞት ድረስ ይህን ጥያቄ አልተወውም፤ እኔም የሚያረካው መልስ አግኝቼለት አላውቅም።

መጀመሪያ የተመደብኩት አዲስ አበባ፣ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ያለ ላቦራቶሪ ነው። ኃላፊው ጋሽ አሰፋ ይባላል። ከሲታ፣ ረጅም፣ ጋዋኑ ላይ ሁልጊዜ የአሲድ ቀዳዳ የማይጠፋበት ሰው ነበር። ጥያቄ ስትጠይቀው ብርቱካን አውጥቶ መላጥ ይጀምራል። ልጦ፣ ነጩን ክር አንድ በአንድ አንስቶ፣ ከፍሎ ግማሹን ሰጥቶህ ነው የሚመልስልህ። መጀመሪያ ላይ ያናድደኝ ነበር። ቆይቼ ሳስተውል ብርቱካኑ ሲያልቅ ግማሹን ጥያቄ ራሴው መልሼው አገኛለሁ።

ድንጋይ ሲመጣለት “ምንድን ነው?” አይልም። “ከየት ነው?” ነው የሚለው። ከየት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ካመጣው አይነካውም። ካመነው ደግሞ ሰብሮ፣ አዲሱን ገጽ በምላሱ አርሶ፣ ወደ ፀሐይ አዙሮ በእጅ ማጉያው ያየዋል። ከዚያ ኪሱ ይከተዋል። ኪሱ ውስጥ ስንት ቀን እንደሚቆይ አላህ ነው የሚያውቅ። “ስም ለመስጠት የሚቸኩል ሰው ከዚያ በኋላ የሚያየው ድንጋዩን አይደለም፣ ስሙን ነው” ይለኝ ነበር። የውኃ ናሙና ሲወስድ ጠርሙሱን በዚያው ውኃ ደጋግሞ ያጥባል፤ ከዚያ ውኃው ውስጥ አጥልቆ እዚያው ይከድነዋል፤ አንዲት የአየር እንክብል እንኳ ከገባችበት ይደፋውና እንደገና ይሞላዋል። ሰው ሁሉ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲጠብቀው እሱ ጉልበቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ነው።

ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ላቦራቶሪ ሲከፈት እሱ ኃላፊ ሆኖ መጣ፤ እኔንም ይዞኝ መጣ። አገሬ በመመለሴ ደስ ብሎኝ ነበር። የሕንፃው ጣሪያ ያፈሳል፣ መብራት ይጠፋል፣ ደመወዝም ይዘገያል። እሱ ግን መጀመሪያ ያሠራው የምናወጣቸው ድንጋዮች የሚቀመጡበትን መደርደሪያ ነው።

ከአንድ የኩታበር ሰው ጋር የተዋወቅነው እዚያ ነው። ይመር ይባላል፣ ገበሬ ነው። እንደ ሌሎቹ ድንጋይ ቋጥሮ በር ላይ ቆመ። እኔ የዚያን ሳምንት ዝቃጭ የያዘ ብዙ ሰው ሸኝቼ ሰልችቶኛል። ጋሽ አሰፋ ግን ጠራውና “ከየት ነው?” አለው።

“ከገብስ ማሳዬ ዳር ነው። ቀን ነው የወደቀ። ደመና የለም፤ ነጎድጓድ መሰለ፤ በሬዎቹ ቀንበራቸውን ጥለው ሮጡ። ስደርስ ጉድጓድ ቆፍሮ ተቀምጧል” አለ ይመር።

ድንጋዩ ቡጢ ያክላል። ላዩ የተቃጠለ የእንቁላል ቅርፊት በመሰለ ስስ ጥቁር ሽፋን ተሸፍኗል። ጠርዙ በተሰበረበት በኩል ውስጡ ግራጫ ነው፤ በግራጫው ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የመሰሉ ክብ ክብ ነገሮችና የሚያብረቀርቁ የብረት ነጠብጣቦች አሉ። ቀዳዳ የለውም። ጋሽ አሰፋ ብርቱካን አወጣ። እኔም ነገሩ እውነት መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

ብረቱ ውስጥ ኒኬል አገኘንበት። እነዚያ ክብ ፍሬዎች መሬት ገና መሬት ሳትሆን በፊት የቀለጡ ጠብታዎች ናቸው። ለይመር ይህን ነገርኩት።

“በዕድሜ ከመሬት ይበልጣል ማለትሽ ነው?”

“አዎ።”

“ታዲያ እኔ ማሳ ላይ ምን አመጣው?”

“የሆነ ቦታ መውደቁ አይቀርም ነበር።”

“ወላሂ፣ ኩታበርን መምረጡ ይገርማል” አለ።

የዋናው መሥሪያ ቤት አለቆች ድንጋዩ ሙሉውን እንዲላክ አዘዙ። ጋሽ አሰፋ መጋዙን አስነስቶ ለሁለት ሰነጠቀው። ግማሹን ላከ፤ ግማሹን በጨርቅ ጠቅልሎ ለይመር መለሰለት። “ድንጋዩ የሰውየው ነው። እኛ እንግዶች ነን” አለ። በዚህ የተነሳ ብዙ ተወቅሷል። ወደ ላይ የተላከው ግማሽ ለኤግዚቢሽን ወጣ ተባለ፤ ከዚያ ለሌላ ክፍል ተሰጠ ተባለ፤ ከዚያ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። ስንት ጊዜ ስልክ እንደደወልኩ፣ ስንት ጊዜ “ሰውዬው ስብሰባ ላይ ነው” እንደተባልኩ አልነግራችሁም። በድንጋዩ ላይ የሠራሁት ምርምር በሙሉ የተሠራው ይመር በቆርቆሮ ሳጥን ባስቀመጠው ግማሽ ነው። ኩታበር በሄድኩ ቁጥር ያወጣልኛል፣ ሥራዬን ስጨርስ ይቆልፍበታል። ከመሥሪያ ቤታችን ካዝና ይልቅ የሱ ሳጥን ታማኝ ሆኖ አገኘሁት።

ጋሽ አሰፋ ጡረታ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። እኔ ወደ ዕድሜዬ ትልቁ ሥራ የገባሁት እሱ ካለፈ በኋላ ነው።

ደሴንና ኮምቦልቻን የተሸከመው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። ከሐረጎ ተራራ ቁልቁል መንገዱ ተራራውን በቆረጠበት ቦታ መኪና ቆሞ ለሚያይ ሰው በጥቁሩ ድንጋይ ውስጥ ነጭ ነጭ ጠብታዎች ይታያሉ። ካልሳይት ናቸው። ዝናብ ከአየርና ከአፈር የወሰደውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ወደ ድንጋዩ ሰርጎ ሲገባ ድንጋዩን ይበላዋል፤ ድንጋዩ ካልሲየም ይለቃል፤ ካልሲየሙ ካርቦኑን ይይዘውና ሁለቱ ተጣብቀው በባዛልቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይሆናሉ። ያ ካርቦን ተመልሶ ወደ አየር አይወጣም። የእኛ ሐሳብ ተፈጥሮ በዝግታ የሠራችውን ሆን ብለን መሥራት ነበር፦ ከፋብሪካ የሚወጣውን ጋዝ ውኃ ውስጥ አሟሙቶ ወደ ባዛልቱ ማስገባት።

ከኮምቦልቻ ወጣ ብላ ካለችው ደጋን አጠገብ ለመጠጥ ውኃ ተቆፍሮ ውኃው አነስተኛ ሆኖ የተተወ ጥልቅ ጉድጓድ አገኘን። ከተዳፋቱ ግርጌ ደግሞ ሰውም ከብትም የሚጠጣበት ምንጭ አለ። የአካባቢው ሽማግሌ ሼህ እንድሪስ ናቸው። ሳይፈቅዱ አንዲት ቱቦ እንደማላስገባ ለራሴ ወስኜ ሄድኩ።

“ይኼ ነገር ውኃችንን ይነካዋል?” አሉኝ።

“ጉድጓዱና ምንጩ ይገናኙ እንደሆን ገና አላውቅም፣ ሼህ። በጉድጓዱ በኩል የማይጎዳ ቀለም እንጨምራለን፤ ምንጩ ላይ ይወጣ እንደሆን እንጠብቃለን። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይፈጃል።”

“ካልወጣስ?”

“ሥራውን እንጀምራለን። ከወጣ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን።”

“ኸይር። እንግዲያው ጠብቂ” አሉ።

ጠበቅኩ። የማይጠብቀው አቶ ደረጀ ነበር፤ በጋሽ አሰፋ ቦታ የተሾመው ኃላፊያችን። ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ግን ለእሱ ሥራ ማለት ድንኳን፣ ባነርና እንግዳ ነው። ክረምቱ እንኳ ሳይወጣ እንግዶች ሊጎበኙ እንደሆነ ነገረን።

“ዶክተር ሰዓዳ፣ እርስዎን በጠየቅኩ ቁጥር ‘ገና ነው’ ነው የሚሉኝ” አለኝ በስብሰባ ላይ።

“ገና ስለሆነ ነው።”

“ቀለሙ እስካሁን አልወጣም አይደል?”

“አልወጣም። ያልወጣው ግን ውኃው ስለማይገናኝ ይሁን ገና ስላልደረሰ አላወቅንም። በጋው የሚጠቅመን ለዚህ ነው።”

ስብሰባው “በአስተያየትዎ ላይ እንመክርበታለን” ተብሎ ተዘጋ። ወዲያው ለሥልጠና አዲስ አበባ ላከኝ። ስመለስ ድንኳኑ ተነቅሎ ሣሩ ላይ ምልክቱ ቀርቷል፤ ባነሩ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል፤ ጋዙ እየገባ ነው። ሾፌራችን እንግዶቹ ሲያጨበጭቡ የተነሳውን ፎቶ በስልኩ አሳየኝ። ኃላፊዬ ቢሮ ገብቼ ምን እንዳልኩት ሁሉንም አላስታውስም፤ ጸሐፊዋ ተነስታ በሩን መዝጋቷን ግን አስታውሳለሁ። እሱ “አንዴ ተጀምሯል” አለኝ። አገራችን ውስጥ ስንት ነገር በዚች አንዲት ቃል እንደቀጠለ አስባለሁ።

ሼህ እንድሪስ ቢጫ ጀሪካን ይዘው ላቦራቶሪያችን የመጡት በጋው እየገባ ሲሄድ ነው። ሰላምታ ተለዋወጥን። ሻይ እምቢ አሉ። ከጀሪካኑ በብርጭቆ ቀድተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ውኃው የዛገ ቆርቆሮ ቀለም አለው፤ ከሥሩ ትንንሽ እንክብሎች ይነሳሉ። ቀመስኩት። ይኮመጥጣል፣ ከኋላው የብረት ጣዕም አለው።

“ከብቶቹ አሽትተው ይመለሳሉ” አሉ።

ነገሩ ገባኝ። ውኃው ቶሎ የሚያልፍበት ስንጥቅ አለ። ጋዙን የያዘው ውኃ በድንጋዩ ውስጥ ቆይቶ ሳይረጋጋ፣ ብረቱን አሟሙቶ በስንጥቁ ወደ ምንጩ ወጥቷል። ሰውን የሚገድል አይደለም። የሚጠጣ ግን አይደለም። ይህን አስረዳኋቸው። ሰሙኝና ወንበራቸውን ወደ እኔ ጠጋ አደረጉ።

“ሌላ የምጠይቅሽ አለ። ጋዙ ከቢራ ፋብሪካ ነው የመጣ አሉ። እውነት ነው?”

ይህን ማንም እንዳልነገራቸው ያኔ ነው የገባኝ። ጋዙ ገብሱ ሲብላላ የሚወጣ ነው፤ አያሰክርም፤ ከሰው ትንፋሽ ከሚወጣው አይለይም። እንዲህ ብዬ ነገርኳቸው።

“እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። ደረጀ ለምን ደበቀን?” አሉ።

“እሱን ራሱን እንጠይቀው” አልኳቸው። ብርጭቆውን አስይዤያቸው አቶ ደረጀ ቢሮ ስንገባ እሱ “ሼህ፣ ከተማ ውስጥ ሰው እየገዛ የሚጠጣው ባለጋዝ ውኃ ማለት ነው እኮ” አላቸው። ሼህ እንድሪስ ብርጭቆውን ወደ እሱ ገፋ አደረጉ። አልጠጣም።

ጋዙ በዚያው ሳምንት ተዘጋ። ምንጩ ግን በጋውን ሙሉ አልጠራም። የሼሁ እህት ልጅ ዘይነባ ባሏ ሞቶባት ከምንጩ ሥር የሽንኩርት ችግኝ እያፈላች ነበር ልጆቿን የምታሳድግ። መደቡን ሄጄ አየሁት። ቅጠሉ ላይ የዝገት ቅርፊት ተጋግሯል፤ ችግኙ ወድቋል። አንዷን ሥር ነቅዬ በማጉያ ሳያት ዘይነባ አጠገቤ ቆማ፣ “እሷን ማየት ምን ያደርግልሻል?” አለችኝ።

“ምን እንደነካት ለማወቅ ነው።”

“ምን እንደነካት እኔም አውቃለሁ። እኛ እኮ ያመንነው ደረጀን አይደለም። አንቺን ነው።”

ብዙ አላለችም። በዚያው ዓመት ልጆቿን ይዛ ኮምቦልቻ ገባች፤ ፋብሪካ ተቀጠረች። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፤ ቆማ ግን አታወራኝም። እኔ በሥራ ዘመኔ የተበላሸብኝ ነገር ብዙ ነው፤ ማሽን ተቃጥሎብኛል፣ ናሙና ጠፍቶብኛል። እንደዚያ መደብ ያለ ግን የለም። የተናገርኩት ትክክል እንደነበረ ማወቄም አላጽናናኝም፤ እንዲያውም ያ ነው ይበልጥ የሚያበግነኝ።

ከዚያ በኋላ ፕሮጀክቱ “ለጊዜው” ቆመ። ከመዘጋቱ በፊት ከጉድጓዱ ጎን ሌላ ቀዳዳ ሰርስረን የድንጋይ ዘንጎች አወጣን፤ ጋዙ የት እንደገባ ድንጋዩ ራሱ እንዲናገር። ዘንጎቹ በእንጨት ሳጥን ተደርድረው መደርደሪያው ላይ ተቀመጡ። የመመርመር ተራቸው እስኪደርስ ጦርነት መጣ። ሸሽተን ስንመለስ ላቦራቶሪው በር የለውም። ማሽኖቹ የሉም። የእንጨት ሳጥኖቹ ለማገዶ ተፈልጠዋል። ድንጋዮቹን ግን ማን ይፈልጋቸዋል፤ ጓሮ ተደፍተው፣ ተሰባብረው፣ ጭቃ ውስጥ ተቆልለዋል።

አቶ ደረጀ ክምሩን አይቶ “በቃ፣ ይጣል” አለ።

አልተጣለም። ጋሽ አሰፋ ዘንግ ከመሬት እንደወጣ በርዝመቱ ሁለት መስመር ያሠምርበት ነበር፤ በቀኝ ቀይ፣ በግራ ጥቁር። እንዲህ ከሆነ ቁራጩን ማን ቢያነሳው ላዩ የቱ፣ ታቹ የቱ እንደሆነ ይታወቃል። እኔም ሳላሠምር ትቼ አላውቅም። ጓሮ ምንጣፍ አንጥፌ ተቀመጥኩ። እያንዳንዱን አጥቤ፣ መስመሩን አይቼ፣ ስብራቱን ከስብራት ጋር መግጠም ጀመርኩ። ድንጋይ የተሰበረበት ቦታ ከሌላ ጋር አይገጥምም፤ ሲገጥም ደግሞ በጣት ይታወቃል። የሚያልፉ ሠራተኞች ጦርነቱ ነክቷት ነው ሳይሉ አልቀሩም። እኔ ግን የዚያን ያህል ተረጋግቼ የሠራሁት ሥራ የለም። ቢያንስ ማንም አያስቸኩለኝም።

ገጥሜ ስጨርስ ጋዙ የገባበት ጥልቀት ላይ የባዛልቱ ቀዳዳዎች በነጭ ካልሳይት ተሞልተው አገኘኋቸው። ይህ ብቻ ግን ምንም አያሳይም፤ የጥንቱም ካልሳይት ነጭ ነው። ልዩነቱ ያለው በካርቦኑ ክብደት ላይ ነው። ከተክል የመጣ ካርቦን ከጥንቱ ድንጋይ ካርቦን ይቀላል፤ የእኛ ጋዝ ደግሞ ከገብስ የመጣ ነው። ቁርጥራጮቹን ውጭ አገር ላለ ላቦራቶሪ ላክሁ። ውጤቱ ሲመጣ ቀላሉ ካርቦን ነው። በስንጥቁ ወጥቶ ምንጩን ያበላሸው ከፊሉ ነበር፤ የቀረው እዚያው ድንጋይ ሆኗል።

አንዱን ዘንግ ይዤ ደጋን ሄድኩና ለሼህ እንድሪስ አሳየኋቸው። ምንጩ ከጠራ ቆይቷል፤ ብዙ ሰው ግን አሁንም ውኃ የሚቀዳው ከወንዙ ነው። ነጩን በጣታቸው ዳሰሱት።

“ይኼ ያ የሚኮመጥጠው ነው?”

“ያው ነው።”

“ከዚህ በኋላ አይወጣም?”

“ከዚህ አይወጣም።”

“እንግዲያው ሐሳብሽ ልክ ነበር” አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ “ውኃው ይቅደም ያልነውም ልክ ነበር” አሉ።

ሌላ ቦታ፣ ከምንጩ ራቅ ብሎ፣ እንደገና ብንሞክር ይፈቅዱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ከሽማግሌዎቹ ጋር መክረው አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሙሉ እስከተጠበቀ፣ ጠባቂዋም እኔ እስከሆንኩ ድረስ እንደሚፈቅዱ ነገሩኝ።

ውጤቱ ከታተመ በኋላ አቶ ደረጀ ስለ ደጋን ጉድጓድ በየስብሰባው የሚያወራ ሰው ሆነ። ገንዘብ ተገኘ፤ አዲስ የመሰርሰሪያ መኪና መጣ። የእኔ የጡረታ ደብዳቤም በዚያው ሰሞን መጣ። ሽማግሌዎቹ ያስቀመጡትን ሁኔታ ነገርኩት።

“ችግር የለም፣ ዶክተር። በኮንትራት እናስቀጥልዎታለን” አለኝ።

ኮንትራቱ “ሂደት ላይ” ሆኖ ከረመ። ኬክ ተቆረሰልኝ፣ ጋቢ ለበስኩ፣ ቤቴ ገባሁ። ለሼህ እንድሪስ ደውዬ ጡረታ መውጣቴን፣ ከአሁን በኋላ የሚመጡት ሌሎች መሆናቸውን ነገርኳቸው። “አብሽሪ” ብቻ ብለው ዘጉት።

ባለፈው ወር አንድ ቀን ጠዋት፣ ከአንዱ ባለዝቃጭ ጋር በር ላይ ስከራከር ስልኬ ጠራ። አቶ ደረጀ ነው።

“ዶክተር፣ እባክዎ ሼሁን ያነጋግሩልኝ። መኪናውን አላሳልፍ ብለዋል። መንገዱ ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠዋል።”

“ምን አሉ?”

“‘ልጅቷ ትምጣ’ ነው የሚሉት። ማን እንደሆነች ስጠይቅ እርስዎ ነዎት።”

መኪና ላከልኝ። ደጋን ስደርስ ግዙፉ የመሰርሰሪያ መኪና ሞተሩን አጥፍቶ ቆሟል፤ ሠራተኞቹ ጥላ ሥር ተጋድመዋል፤ ሼህ እንድሪስ መንገዱ መሃል በላስቲክ ወንበር ላይ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ከኋላቸው የአካባቢው ሰው ቆሟል። ዘይነባም ነበረች፤ ከኮምቦልቻ መጥታለች።

አቶ ደረጀ ወደ ጎን ወሰደኝ። “ይንገሯቸው። ምርመራውን ጎን ለጎን እናካሂደዋለን።”

“ጎን ለጎን አይካሄድም። መጀመሪያ ነው የሚካሄደው።”

“የሚፈጀው?”

“አንድ ክረምትና አንድ በጋ።”

“ዶክተር፣ እንግዶች አሉን” አለኝ፤ ድምፁ የለመድኩት ድምፅ ነው።

ወደ ሰዉ ተመለስኩና ጮክ ብዬ፣ ምንጩም ወንዙም በየሳምንቱ እንደሚለካ፣ ጋዙ ከየት እንደሚመጣ ዛሬውኑ እንደሚነገራቸው፣ ቀለሙ ምንጩ ላይ ከታየ መኪናው ተመልሶ እንደማይመጣ ነገርኳቸው። ዘይነባ “በየሳምንቱ የሚለካው ማን ነው?” አለች።

“እኔ ነኝ” አልኩ።

“እንግዲያው እኔም አብሬሽ እወርዳለሁ። እኔ ሳላይ አይለካም” አለች።

አቶ ደረጀ ሰዉን አየ፣ መኪናውን አየ፣ ሼሁን አየ። ሼሁ ከወንበራቸው አልተነሱም። “እኛ እዚሁ ነን። አንቸኩልም” አሉት። አቶ ደረጀ ሾፌሩን ጠርቶ መኪናውን አዙር አለው። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ መኪናው ወደ ፊት ወደ ኋላ እያለ ለመዞር ብዙ ጊዜ ፈጀበት፤ ማንም አላጨበጨበም፤ እስኪዞር ድረስ ሁሉም ቆሞ ጠበቀ።

ሰዉ ሲበተን ሌላ ወንበር አመጡልኝና ከሼህ እንድሪስ ጎን ተቀመጥኩ። እግሬን አሞኛል፣ ምሳ አልበላሁም፣ ኮንትራቱም አሁንም ሂደት ላይ ነው።

“ጡረታ ወጣሁ አላልሽኝም ነበር?” አሉኝ።

“ወጥቼ ነበር” አልኳቸው።